ጀግናው ጠዋት ሲነሳ ለምን ያዝናል? (ስለ «አንብሬከብል»)

የሌሊት ተመልካች

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ «አንብሬከብል» («የማይሰበር») የሚለውን ፊልም እንደገና አየሁት። ፊልሙን ያላያችሁት ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። መጨረሻውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

ፊልሙ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። የጻፈውም ያዘጋጀውም ኤም. ናይት ሺያማላን ነው። ብሩስ ዊሊስ ዴቪድ ደንን ሆኖ ይሠራል፣ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ደግሞ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበረውን ኤላይጃ ፕራይስን። ታሪኩ ፊላደልፊያ ውስጥ ነው።

ይሄን የውይይት ክር የከፈትኩት አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። ሰው ይሄን ፊልም ሲያነሳ ብዙ ጊዜ ስለ ጉልበት ያወራል። የማይሰበር ሰው፣ ታሞ የማያውቅ ሰው፣ ከባቡር አደጋ ብቻውን የተረፈ ሰው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሌላ ነው። ዴቪድ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የሚሰማው ሐዘን። የሞተበት ሰው የለም። ሥራ አለው፣ ሚስት አለው፣ ልጅ አለው። ግን ገና ከእንቅልፉ ሲነቃ ያዝናል። ምክንያቱን የሚነግረው ኤላይጃ ነው፤ መሥራት ያለብህን ስላልሠራህ ነው ይለዋል።

አጀማመሩን አስታውሱ። ባቡር ውስጥ ነን። ካሜራው በሁለት መቀመጫዎች መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ያያል። አንዲት ሴት አጠገቡ ልትቀመጥ ስትመጣ ዴቪድ የጋብቻ ቀለበቱን ያወልቃል። ትንሽ ያወራሉ። ነገሩ ሲገባት ተነስታ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። በቃ፣ የጀግናው መግቢያ ይሄ ነው። ኒው ዮርክ ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ የሚመለስ፣ ቤቱን ሊተው ያሰበ፣ ያፈረ ሰው።

አደጋውን ራሱን አያሳየንም። የምናውቀው ልጁ ጆሴፍ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተዘቅዝቆ ቴሌቪዥን ሲያይ ነው። ቀጥሎ ሆስፒታል። ሐኪሙ ከዴቪድ ጋር ያወራል። ለካሜራው ቅርብ ግን ሌላ ቁስለኛ ተኝቷል። ሐኪሙ እየተናገረ የቁስለኛው ነጭ ልብስ ቀስ በቀስ በደም ይርሳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሕይወት የተረፍከው አንተ ብቻ ትሆናለህ፣ አንድ ጭረት እንኳ የለብህም ይለዋል። 131 ሰው ሞቷል። ሲወጣ መጠበቂያው አዳራሽ በሟቾቹ ቤተሰብ ሞልቷል። ሁሉም ያዩታል።

እናንተስ? «ይሄ ሰውዬ እውነት ሊኖር ይችላል» ያላችሁት የትኛው ትዕይንት ላይ ነው?

ፍሬም በፍሬም

ክሩን ስለከፈትከው አመሰግናለሁ። እኔ ስለ ካሜራው ላውራ። የፎቶግራፍ ዳይሬክተሩ ኤድዋርዶ ሴራ ነው።

ፊልሙ ቶሎ ቶሎ አይቆርጥም። ካሜራው አንድ ቦታ ይቆማል። ሰዎቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይከባቸዋል። በር፣ መስኮት፣ መጋረጃ፣ አንተ ያነሳሃት የመቀመጫ ክፍተት። ኮሚክ መጽሐፍ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጀግኖች ታሪክ፣ ያነበበ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እያንዳንዱ ትዕይንት በሳጥን ውስጥ ነው የተሳለው።

ኤላይጃን ደግሞ መጀመሪያ የምናገኘው በመስታወት ውስጥ ነው። ዘመኑ 1961 እ.ኤ.አ.። አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ይወለዳል። ሐኪም መጥቶ ሕፃኑን ሲያየው እጆቹና እግሮቹ ተሰብረዋል። ይሄን ሁሉ የምናየው ከልብስ መለኪያው ክፍል መስታወት ላይ ነው። ልጅ ሆኖ ስንገናኘውም ምስሉ በጠፋ ቴሌቪዥን ላይ ያርፋል። ሲያድግ የሚደገፍበት ዘንግ ራሱ ብርጭቆ ነው። ልጆች «ሚስተር ግላስ» እያሉ ያሾፉበት የነበረ ልጅ ያንን ስድብ በእጁ ይዞት ይዞራል።

ቀለሙንም ልብ በሉ። ኤላይጃ ሐምራዊ ነው፣ ዴቪድ አረንጓዴ። በመጀመሪያው እይታ አይታወቃችሁም። ከተማው በሙሉ ግራጫና ደብዛዛ ስለሆነ ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። ከዚያ ዴቪድ ኋላ የሚታገለው፣ ብርቱካናማ የለበሰው ወንጀለኛ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ብቅ ሲል ቀለሙ ዓይን ይወጋል።

አልጨረስኩትም

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ 40 ደቂቃ ገደማ አይቼ አጠፋሁት። በጣም ቀርፋፋ ነው። ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ልዕለ ኃያል ያለበት ፊልም ተብዬ ነበር የጀመርኩት። ሰውዬው ግን ተክዞ ከመቀመጥ ሌላ ምንም አላደረገም። ያመለጠኝ ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የሌሊት ተመልካች

ወዳጄ፣ ምንም ይቅርታ አያስፈልግም። ያቆምክበት ቦታ ግን ያሳዝናል። ክብደት የሚያነሳበት ትዕይንት ያለው ከዚያ ወዲያ ይመስለኛል።

ልንገርህ። ዴቪድ ምድር ቤት ውስጥ ጀርባው ላይ ተኝቶ ብረት ይገፋል። ክብደቱን የሚጭንለት ልጁ ነው። አባቱ ቀንስ ሲለው ልጁ ይጨምራል። ዴቪድ ይገፋዋል። ስንት ነበር ይለዋል። ልጁ ይነግረዋል። ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ ሌላ ይጨምራሉ። የብረት ሰሌዳው ሲያልቅባቸው ቤት ውስጥ ያለውን የቀለም ቆርቆሮ ያንጠለጥላሉ። 350 ፓውንድ ይደርሳል፣ ወደ 159 ኪሎ ማለት ነው። በየጊዜው አባትየው ልጁን ትንሽ ራቅ በል ይለዋል።

እዚያ ውስጥ ማንም አይበርም። ግድግዳ አይፈርስም። አንድ ልጅ ስለ አባቱ ያሰበው ሁሉ እውነት ሲሆን ፊቱ ላይ ታያለህ። ያ ቀርፋፋነት ባይኖር አላምነውም ነበር። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ሲያውቅ በአንድ ጊዜ አይቀበለውም። ደጋግሞ ይሞክራል፣ ይፈራል፣ እንደገና ይሞክራል።

ሁለት ልጆች አሉኝ

እኔን ያሳመነኝ የወጥ ቤቱ ትዕይንት ነው። እንደ አባት ነው የማየው፣ ሌላ ዓይን የለኝም።

ጆሴፍ አባቱ እንደማይሞት አምኗል። ሽጉጡን አግኝቶ አባቱ ላይ ያነጣጥራል። ሊገድለው አይደለም። ሊያረጋግጥለት ነው። ልጁ እያለቀሰ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ኦድሪ ቆማለች፣ ምን እንደምትል ግራ ገብቷታል።

ዴቪድ የሚያደርገውን ተመልከቱ። መጀመሪያ በለሆሳስ ይለምነዋል። ጓደኞች መሆን እየጀመርን ነው፣ ጓደኛ ደግሞ ይደማመጣል ይለዋል። አይሠራም። በመጨረሻ ብትተኩስ ትቼህ ወደ ኒው ዮርክ እሄዳለሁ ይለዋል፣ እንደተቆጣ አባት ይጮኽበታል። ልጁን ያስጣለው ይሄ ነው። ጥይት ያልፈራለት ልጅ አባቱ ቤቱን ጥሎ እንዳይሄድ ፈራ።

ሽጉጡ ሲቀመጥ ሦስቱም ወለሉ ላይ ቁጭ ይላሉ። ፊልሙን ያየሁት የመጀመሪያ ልጄ ከተወለደ በኋላ ነው። ያን ትዕይንት ካየሁ በኋላ ተነስቼ የልጄን ክፍል በር ከፍቼ አየሁ። እስካሁን ለምን እንደሆነ በትክክል ማስረዳት አልችልም።

ነጭ ጋውን

የጤና ባለሙያ ነኝ። አንድ ነገር ላስተካክል፣ ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም፣ እወደዋለሁ።

የኤላይጃ ሕመም እውነተኛ ነው። ኦስቲኦጀነሲስ ኢምፐርፌክታ ይባላል። ሰውነት ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን በበቂ መጠን ወይም በትክክል አይሠራም። አጥንት ያለ ኮላጅን ተሰባሪ ነው። በግምት ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ በዘር ይተላለፋል፣ ቤተሰብ ውስጥ ጭራሽ ሳይኖር የሚመጣበት ጊዜም አለ።

ኤላይጃ ዕድሜ ልኩን 54 ጊዜ እንደተሰበረ ይናገራል። የእሱ ዓይነት አንድ እንደሆነ፣ ከሁሉም ቀላሉ እሱ እንደሆነም ይናገራል። ዓይነት አንድ ቀላሉ መሆኑ ትክክል ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እጅና እግሩ ተሰብሮ የሚወለድ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ የከበደው ዓይነት ነው ያለበት። ፊልሙ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሕመሙ እንደሚከብድ ያስመስላል። እውነታው እንደዚያ አይደለም። ከ1979 ጀምሮ በሚሠራበት አከፋፈል ከሁሉም የከፋው ዓይነት ሁለት ነው። እሱ ካለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ገና ሲወለዱ ወይም ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ።

ሌላም አለ። ኦድሪ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ኤላይጃ ከወደቀ በኋላ ሕክምናውን የምትከታተለው እሷ ናት። ፊልሙ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለሥራዬ የቀረበው ያ ክፍል ነው። ታካሚ እያወራ ስለ ባለሙያው የቤት ሕይወት ሊያውቅ ሲሞክር ምን እንደሚመስል በደንብ አሳይተውታል።

ታላቅ እህት

ነጭ ጋውን የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታናሽ ወንድሜ ይሄ ሕመም አለበት። እስካሁን እዚህ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ፊልሙን አብረን ነው ያየነው። ደረጃው ላይ ያለውን ትዕይንት ታስታውሳላችሁ። ዴቪድ አንድ ሰው መሣሪያ ይዟል ብሎ ጠርጥሯል። ኤላይጃ ሰውየውን ተከትሎ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ መግቢያ ይሄዳል። ደረጃው ፊት ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ወንድሜ እጄን ያዘው። ገና ሳይወድቅ። ከዚያ ኤላይጃ ወደቀ። የብርጭቆው ዘንግ ተሰባበረ። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እዚያው ተሰባብሮ ተጋድሞ ነው የሰውየውን ሽጉጥ የሚያየው። ዴቪድ ትክክል እንደነበር በአጥንቱ ከፍሎ አረጋገጠ።

ወንድሜ ያለኝን አልረሳም። ደረጃን ልክ እንደኔ የሚያይ ሰው ፊልም ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው አለኝ። እኔ ግን ፊልሙ ሲያልቅ ተናደድኩ። ሰውነቱ የታመመው ሰውዬ በመጨረሻ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ቁጭ አለ። የአውሮፕላኑ አደጋ፣ የሆቴሉ እሳት፣ ያ የባቡር አደጋ፣ ሁሉም የእሱ እጅ ነው። ስንት ፊልም ነው እንዲህ የሚያደርገው? የታመመ፣ ጠባሳ ያለበት፣ የሚያነክስ ሰው ሲመጣ ክፉው እሱ እንደሚሆን አስቀድመን እናውቃለን።

እናቱን ግን እወዳታለሁ። ልጁ እጁ ተሰብሮ ከቤት አልወጣም ብሎ ተቀምጧል። እሷ ኮሚክ መጽሐፍ በስጦታ ወረቀት ጠቅልላ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከፈለግክ ሄደህ አምጣው አለችው። ካልወጣህ ሌላ ልጅ ይወስደዋል አለችው። የእኛም እናት በየቀኑ እንደዚህ ነበር የምታደርገው።

ፍሬም በፍሬም

ታላቅ እህት፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። ተቃውሞሽ ትክክል ነው ብዬ አስባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኤላይጃ ክፉ የሆነው ስለታመመ አይመስለኝም። ለሕመሙ ትርጉም ስለፈለገ ነው። እኔ በአንደኛው ጫፍ ካለሁ በሌላኛው ጫፍ የማይሰበር ሰው መኖር አለበት አለ። አደጋዎቹን ያደረሰውም ያን ሰው ፍለጋ ነው፤ ካላገኘው ስቃዩ ሁሉ ከንቱ ሊሆንበት ነው። ለዚህ ነው ከጭራቅ ይልቅ ሰው የሚመስለው።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ግን አሁንም ያስከፋኛል። ዴቪድ ሰው ሲነካ ያ ሰው የሠራውን ክፋት ያያል፤ የኤላይጃን እጅ ሲጨብጥም ሁሉን ያያል። ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ያለቅሳል። ልባችን እንደተሰቀለ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣና ፖሊስ ማስረጃ እንዳገኘ፣ ኤላይጃም የአእምሮ ሕሙማን ወንጀለኞች ወደሚያዙበት ተቋም እንደገባ ይነግረናል። እንደ ዜና። እዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ቢተወን ይሻል ነበር።

የሌሊት ተመልካች

እዚህ ላይ አልስማማም። ፊልሙ የሚጀምረውም በጽሑፍ ነው። አንድ ኮሚክ መጽሐፍ በአማካይ 35 ገጽና 124 ሥዕል አለው ብሎ ነው የሚከፍተው። አንድ ሰብሳቢ በአማካይ 3,312 ኮሚኮች አሉት ይላል። በደረቅ ቁጥር ይጀምራል፣ በደረቅ መዝገብ ይዘጋል። መሃሉ ላይ ያለው ግን የሰው ታሪክ ነው። እኔ የጋዜጣ ቁራጭ በእጄ የያዝኩ ያህል ይሰማኛል።

የገበያ ዓይን

«አልጨረስኩትም» ለምን እንዳጠፋው ይገባኛል። በጊዜውም ብዙ ተመልካች ግራ ተጋብቶ ነበር።

ሺያማላን ከዚያ በፊት በ1999 «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» የሚለውን የመናፍስት ፊልም ሠርቶ ዓለም አቀፍ ገቢው ከ670 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። እዚያም ብሩስ ዊሊስ ነበር። ስለዚህ ስቱዲዮው «አንብሬከብል»ን ልክ እንደዚያኛው አስፈሪ ትሪለር አድርጎ አስተዋወቀው። ኮሚክ መጽሐፍ የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም እንደተነገረው ዳይሬክተሩ ራሱ ኋላ ተናግሯል። በኅዳር 2000 ሲወጣ ሰዉ መንፈስ ሊያይ ነበር የገባው። 75 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ወደ 248 ሚሊዮን አስገባ። አልከሰረም፣ ግን ሲጠበቅ የነበረውም አይደለም።

ዘመኑን አስቡት። «ኤክስ-ሜን» የወጣው ያው በ2000 ነው፣ ጥቂት ወራት ቀድሞ። «ስፓይደር-ማን» ገና በ2002 ነው የሚመጣው። ዛሬ የምናውቀው የልዕለ ኃያላን ጎርፍ አልጀመረም። ይሄ ሰውዬ ጎርፉ ሳይመጣ ስለ ጎርፉ ፊልም ሠራ።

ሌላ የምወደው ነገር አለ። መጀመሪያ ታሪኩ እንደ ማንኛውም የጀግና ታሪክ ሦስት ክፍል ነበረው። ኃይሉን ማወቅ፣ ወንጀለኞችን መታገል፣ ከዋናው ጠላት ጋር መፋለም። ሺያማላን ሲጽፍ ልቡ የቀረው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። ሌላውን ትቶ ፊልሙን በሙሉ ከዚያ አወጣው። ዝግታው የመጣው ከዚህ ነው።

ኦድሪን አትርሱ

ስለ ሐዘኑ አንድ ነገር ልበል። የሌሊት ተመልካች፣ ኤላይጃ ያለውን እንዳለ ተቀብለኸዋል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው።

ዴቪድ ወጣት እያለ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። ከኦድሪ ጋር የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። እሱ ምንም አልሆነም። የመኪናውን በር ገንጥሎ አወጣት። ከዚያ ግን ተጎድቻለሁ ብሎ ጨዋታውን አቆመ። እሷ ያን ጨዋታ ስለማትወደው፣ እሱ ደግሞ እሷን ስለሚፈልግ። ለሚስቱ ያልነገራት ይሄን ነው። በየቀኑ ከጎኗ የሚነቃው ዋናውን ነገር ደብቋት ነው። ማንም ቢሆን እንደዚያ ኖሮ ጠዋት ደስ ሊለው አይችልም።

ስለዚህ ሮቢን ራይት የምትሠራው ክፍል እንደ ማሟያ ሲታይ ይከፋኛል። ሰዎችን ካዳነ በኋላ ሲመለስ ኦድሪን ተሸክሟት ወደ ላይ ይወጣል። መጥፎ ሕልም አይቻለሁ ይላታል። ብቻ። ለእኔ ትልቁ ትዕይንት እሱ ነው።

የሌሊት ተመልካች

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነህ። ስጦታውን የቀበረው ለፍቅር ብሎ ነው። የቀበረው ደግሞ ፍቅሩን እየበላው ነበር። ዛሬ ማታ የመኪናውን ትዕይንት እንደገና አየዋለሁ።

ከኋላ የጀመርኩ

እኔ በተቃራኒው ነው የገባሁት። መጀመሪያ የዚህን ፊልም ተከታይ «ስፕሊት»ን አየሁ። ጄምስ ማካቮይ ድንቅ ነው። መጨረሻው ላይ ብሩስ ዊሊስ ብቅ ሲል ለምን ሰው እንደተደነቀ አልገባኝም ነበር። ከዚያ ነው ወደዚህ የተመለስኩት። ሦስተኛውን፣ «ግላስ»ን፣ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?

የገበያ ዓይን

እየው፣ ግን ሌላ ዓይነት ፊልም ጠብቅ። «ግላስ» በ2019 ነው የወጣው። የመጀመሪያው ዝምታ የለውም፣ ብዙ ያወራል። አንድ የሚነካ ነገር አለ። ጆሴፍን ልጅ ሆኖ የሠራው ስፔንሰር ትሪት ክላርክ ከ19 ዓመት በኋላ አድጎ ያው ጆሴፍን ሆኖ ተመልሷል። የዴቪድን መጨረሻ ግን ብዙዎቻችን አልወደድነውም። የሚሰጥምበት ውሃ የጎርፍ ያህል እንኳ አልነበረም፣ ኩሬ ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ

የብሩስ ዊሊስ ቤተሰብ በ2022 ከትወና እንደሚያቆም ከገለጸ፣ በ2023 ደግሞ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የሚባል አእምሮን የሚያዳክም ሕመም እንዳለበት ከተናገረ ወዲህ ይሄን ፊልም ሳይ ሌላ ስሜት ነው የሚሰማኝ። እዚህ ውስጥ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሁሉን የሚሠራው በትከሻውና በዓይኑ ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ጋዜጣውን ወደ ልጁ የሚገፋበትን ተመልከቱ። ጋዜጣው ላይ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ሥዕል አለ። ልጁ ያያል፣ ቀና ይላል፣ ዓይኑ እንባ ይሞላል። አባትየው ለእናትየው እንዳይነግራት በምልክት ይጠይቀዋል። ጮክ ያለ አንድ ቃል የለም።

አልጨረስኩትም

ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻ አየሁት። አመሰግናችኋለሁ።

ብርቱካናማ የለበሰው ሰውዬ አንድ ቤተሰብ አግቶ የያዘበት ቤት ውስጥ ያለው ክፍል ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ዴቪድ የሥራ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ ይገባል። የታሰሩትን ልጆች ይፈታል። ከዚያ ሰውዬው ከሰገነት ገፍቶ የተሸፈነ የመዋኛ ገንዳ ላይ ይጥለዋል። የማይሰበረው ሰው ውሃ ውስጥ ሽፋኑ ተጠቅልሎበት ሊሞት ነው። ያወጡት እሱ የፈታቸው ልጆች ናቸው፣ ረጅም ዘንግ ዘርግተው። ተመልሶ ሰውዬውን ከኋላ ያንቀዋል። ቡጢ የለም። ዝም ብሎ ያዝ አድርጎ አይለቅም። ካሜራው ከላይ ነው። የልጆቹን እናት ግን ሞታ ነው ያገኛት። የሚያሸንፍ ጀግና እያየሁ እንዲህ አዝኜ አላውቅም።

ግን የምጽፈው ስለዚህ አይደለም። ኤላይጃ ያደረገውን ካወቅኩ በኋላ ተኛሁ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ የሌሊት ተመልካች መጀመሪያ ያነሳውን ሆስፒታል መልሼ አየሁት። ዴቪድ ከሐኪሙ ጋር ጨርሶ ወደ አዳራሹ ሲወጣ። እዚያ የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። መጀመሪያ ሳይ እሱን ብቻ ነበር የማየው።

ታላቅ እህት

እኔም አላየኋቸውም ነበር። ከወንድሜ ጋር ቅዳሜ እናየዋለን። እዚያ ላይ አቆመዋለሁ።